ሐረር የሄደችው እሷ፣ መርካቶ የወረድኩት እኔ

አለቃዬ ዲዛይነር ናት፣ ዲዛይን ሲጠፋባት ክፍለ ሀገር ትወጣለች። እኔ ደሞ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ካለችው ጠባብ ወርክሾፓችን ሳልነቃነቅ የሹራብ ማሽን እገፋለሁ፣ በእጅ የሚገፋውን፣ መብራት ጠፋ ተብሎ የማይታረፍበትን።

ባለፈው ሐረር ደርሳ መጣች። ስልኳ በፎቶ ተሞልቷል፣ የጀጎል ግንብ፣ ቀለም የተቀቡት ጠባብ መንገዶች፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ሐረሪዎች ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የሳር ስፌት። መኪና ግርግር ሄደሽ ወይ አልኳት፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደርድረው የሚውሉበት ነዋ፣ የሙያ ዘመዶቻችን። "አልፌበታለሁ" አለችኝ። በቃ፣ አልፌበታለሁ።

ከዛ የካሬ ደብተር አወጣች፣ ስፌቱን ክብ አድርጋ 30 ካሬ በ30 ካሬ ስላዋለች፣ በአምስት ቀለም።

"ጋሼ ይሄን እንዳለ ያውጡልኝ።"

"እንዳለ አይወጣም።"

"ማሽኑ አይችልም?"

"ማሽኑማ ይችላል፣ ደብተርሽ ነው ያልቻለው።"

ፊቷ ተቀየረ። ሹራብ ላይ እኮ አንዷ የክር ቀለበት ካሬ አይደለችም፣ ወርዷ ከቁመቷ ይበልጣል፣ በያዝነው ክር 10 ሳንቲሜትር ላይ ወደ ጎን 22 ቀለበት ሲገባ ወደ ላይ 30 ረድፍ ነው የሚገባው። ማሽኑን ንድፍ የሚያዘው ባለ ቀዳዳ ካርድ ደሞ ንድፉን የሚደግመው በየ24 መርፌ ነው፣ በአንድ ረድፍ ሁለት ቀለም ብቻ፣ ተራው ያልደረሰው ክር በጀርባ ስለሚያልፍ ርቀቱ ከበዛ እጅጌ ስታስገቢ ጣት ይይዝሻል። ይሄን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "ጋሼ፣ ፊሊንጉ አልገባዎትም።"

ፊሊንጉ! እስካሁን ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ አልስቅም። ያኔ ግን ምንም አልመለስኩም፣ መርፌውን በእጄ እየመረጥኩ ሳምፕሉን እንዳለችው ሰራሁላት። የተቀመጡበት አምባሻ ሆኖ ወጣ። አገላብጣ አየችውና "እሺ እንደሚያውቁት ያድርጉት" አለች። 24 ቀለበት በ33 ረድፍ አረኩት፣ ክብ ሆነ፣ ቀለሙንም በየረድፉ ሁለት ሁለት እያልኩ አከፋፈልኩት።

አሁን ወደ ክሩ። ወይን ጠጁ ከተማሪ ዩኒፎርም ሹራብ የተረፈን ነው፣ ብርቱካኑን መርካቶ ወርጄ ተከራክሬ ነው የገዛሁት። አንድ ቀን ደንበኛ መጣችና አለቃዬ ወይን ጠጁን እያሳየች "ይሄ ጀጎል ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ" ስትላት ሰማሁ። የዩኒፎርም ትርፍራፊ ጀጎል ሆነና አረፈው። ደንበኛዋ ወደኔ ዞራ "እርሶም አብረው ሄደው ነበር?" አለችኝ። "አይ፣ እኔ እንኳን መርካቶ ነበርኩ" አልኳት። ከልቧ ሳቀች፣ ሁለት ገዝታ ሄደች።

እውነት ለመናገር ብርቱካንን ከጥቁር ጎን ማድረግ ለኔ በህልሜም አይመጣልኝም፣ እሱ ከሐረር ነው የመጣው፣ አልክድም፣ ሹራቡም ያምራል። ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችው ካርድ ስለ ሐረር ታወራለች እንጂ ስለ 33ቱ ረድፍ ትንፍሽ አትልም።

ቀጥሎ ኮንሶ ልሄድ ነው ብላኛለች። እርከን ነው እኮ፣ አግድም መስመር፣ ካርድ የለ ምን የለ፣ ክር መቀየር ብቻ። ሂጂ፣ እንደውም ሰንበት በይ አልኳት።