«ስንት ገጽ ጨረስክ?»

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አብረን እንሄዳለን። እሱ ያጠናል፣ እኔ የራሴን አነባለሁ። ዛሬ ግን ተማሪዎቹን ሳይ ነው የዋልኩት።

አብዛኞቹ አጠናናቸው አንድ ዓይነት ነው። ሀንድአውቱን ያነባሉ፣ በቢጫ ያሰምራሉ፣ ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። ገጹ በሙሉ ቢጫ ሲሆን የተጠና ይመስላል። ሰነፎች እንዳይደሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምሳ እንኳ ሳይበሉ የሚውሉ አሉ። የሚያሳዝነኝም ይኸው ልፋታቸው ነው።

ስንመለስ የፒያሳ ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። «የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ ምን ይላል?» አልኩት። በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳይስት አንበለበለው። «ታዲያ አሁን ለምን ወደ ፊት ሄድን?» ስለው ዝም አለ። ቀስ ብለን በአማርኛ አወራነው። ፍሬኑ የያዘው መኪናውን ነው፤ እኛ ግን በነበርንበት ፍጥነት መሄዳችንን ቀጠልን። ትንሽ አሰበና «አክስቴ፣ ቀበቶ የሚታሰረው ለዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሕጉን ወራት ሙሉ በቃሉ ይዞት ነበር፤ የገባው ግን ዛሬ ነው።

ውጤት ምን ያደርጋል አልልም። እዚህ አገር እንዲህ ማለት በልጆች ላይ መፍረድ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም 3.2 በመቶ። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ቢጨነቅ አይገርምም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ስንተኛ ወጣህ?» እየተባለ ነው ያደገው።

ግን ሽምደዳው ለውጤቱም ቢሆን አያዋጣም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎች ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ካነበቡ በኋላ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት በለጧቸው። የፈተና ዋዜማ ጥናት የሚሸውደን እዚህ ላይ ነው። ያን ሰዓት ሁሉም ነገር የተያዘ ይመስላል።

በቃል መያዝን በጅምላ የሚያጣጥሉ ሰዎችም አያስማሙኝም። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣል። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መምጣት አይበቃውም። ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለየኔታ ይናገራል፣ ይታረማል፣ ሌላ አዲስ ይቆጥራል። በቃል የያዘውን መልሶ የሚሠራበት ቦታ አለው። የእኛ ልጆች ያጡት ይህንን ቦታ ነው።

ማታ ቤት ስንገባ እህቴ እንደ ሁልጊዜው «ስንት ገጽ ጨረስክ?» አለችው። «እስቲ ምን እንደገባህ ንገረኝ በይው» አልኳት። ቆጣ አለች። «ውጤት ባይመጣለት ማን ሊጠየቅ ነው?» ስጋቷ እውነት ስለሆነ አልተከራከርኳትም። የታክሲውን ነገር ራሱ እንዲያስረዳት አደረግሁ። ሁለት ቦታ ላይ «አልገባኝም» ብላ አስቆመችው። ሁለቱንም ጊዜ ቆም ብሎ አሰበና በሌላ መንገድ ነገራት።

አሁን ተስማምተናል። ገጹንም ትቆጥራለች፣ እሱም በየቀኑ አንድ ነገር ደብተሩን ዘግቶ ያስረዳታል። ነገ ኬሚስትሪ ነው፤ ኢኩሊብሪየም። እኔም ብዙውን ረስቼዋለሁና ቡናው ሲፈላ አብሬ ልሰማው ነው።