ማርሹን ያስገለበጥሁበት ሳምንት

ነገሩ የመጣው የሞተር ውድድር ከማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሐዋሳ ጎዳናዎች የነዳሁት 150 ሲሲ ሞተሬ እንደ ብዙዎቹ መሰሎቹ አንደኛ ማርሹ ወደ ታች ተረግጦ፣ የቀሩት አራቱ በጫማ አፍንጫ ወደ ላይ እየተነሡ የሚገቡ፣ ምንም ማርሽ ያልገባበት ፍሪውም በአንደኛና በሁለተኛ መካከል የሚገኝ ነበር፤ በዚህም አንድ ቀን ተማርሬ አላውቅም። ሞቶ ጂፒ የሚባለውን ውድድር በስልኬ መከታተል ከጀመርሁ በኋላ ግን ብዙ ተወዳዳሪዎች ማርሹን ገልብጠው፣ አንደኛውን ወደ ላይ፣ የቀረውን ሁሉ ወደ ታች አድርገው እንደሚነዱ ተረዳሁ። ሞተሩ በግራ ኩርባ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲጋደም በግራ እግር በሚነካው የማርሽ ፔዳልና በአስፋልቱ መካከል እግር የሚያስገባ ክፍተት ስለማይቀር፣ ከሥር ማንሣት የማይቻለውን ፔዳል ከላይ መርገጥ ይቻላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ብራድ ቢንደር የተባለው ተወዳዳሪ በጣሊያኑ የሙጄሎ ሜዳ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ተመዝግቦለታል። እኔ ከቤት ወደ ሥራ ስሄድ 40 ከደረስሁ ራሴን ከቸኮሉ ሰዎች እቆጥራለሁ፤ ቢሆንም ማርሼ መገልበጥ እንዳለበት ወሰንሁ።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ወዳለው መካኒክ ወሰድሁት። ልጁ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ የሚጋደሙት የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ እጠብቀው ስለነበር፣ በአገራችን በቀኝ ስለሚነዳ አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ መሆኑን፣ ስለዚህም አደባባይ በተፈጥሮው የግራ ኩርባ መሆኑን በእርጋታ አስረዳሁት። ከዚያ በላይ አልተከራከረኝም። ፔዳሉን ከማርሽ ሣጥኑ ጋር በቀጭን ዘንግ የምታገናኘውን ትንሽ ክንድ በአሥር ቁልፍ ፈታና፣ ወደ ታች የነበረችውን ወደ ላይ አዙሮ መልሶ አሰራት። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እኔም በነዳጅ ታንከሩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ሲጨመር ታች፣ ሲቀነስ ላይ» ብዬ በወፍራም ብዕር ጻፍሁ፤ ዐርብ ማታንና ቅዳሜን ሙሉ ጽሑፉን ጮክ ብዬ እያነበብሁ በሰፈር ውስጥ ስመላለስ ዋልሁ። የጎረቤት ልጆችም ሸመደዱት። ያልሸመደደው ግራ እግሬ ብቻ እንደነበረ ያወቅሁት እሑድ ጠዋት ነው።

እሑድ የአማቴ እኅት የልጅ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና የምትነሣበት ቀን ነበር። አማቴ ሄልሜቱን ከነጠላቸው በላይ አጥልቀው፣ በኮባ ተጋግሮ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ጎን ተቀምጠው ተፈናጠጡኝ። በር ላይ ገና ስነሣ፣ አንደኛን ላስገባ ብዬ ረገጥሁና ሁለተኛ ስለገባልኝ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ጠፋ። አማቴ፣ «ነዳጅ ሳትቀዳ ነው እንዴ ያወጣኸኝ?» አሉ። ለእርሳቸው ስለ ግራ ኩርባ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ስላልታየኝ፣ «ብርድ መትቶት ነው፣ እማማ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ እስከ አደባባዩ ድረስ ያለ ችግር ሄድን። በሦስተኛ ማርሽ ገብቼ፣ የተገለበጠልኝን ፔዳል ጥቅም በተግባር ለማየት ተዘጋጅቼ ሳለ፣ አንድ ባጃጅ ከቀኜ ድንገት ገባብኝ። ሰው ሲደነግጥ አእምሮው ወደ ጎን ይልና እግሩ ብቻውን ይነዳል፤ የእኔም እግር የሁለት ዓመት ልማዱን ይዞ፣ ወደ ሁለተኛ ሊመልሰኝ ረገጠ። አራተኛ ገባ። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ሲያቃስት፣ አልቀነሰልኝም ብዬ ደግሜ ረገጥሁ፤ አምስተኛ ገባ። ፕላስተሩን ላንብብ ብዬ ሳጎነብስ የአማቴ ነጠላ ጫፍ በነፋስ መጥቶ ታንከሩን ሸፍኖታል። ሞተሩ አደባባዩ ውስጥ ጠፍቶ ቆመ።

ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ለመመለስ አራት ጊዜ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የቆመ ሞተር ማርሽ ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይገባም፣ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ ካልለመኑት በቀር። ከኋላዬ ጥሩምባው እየበረታ፣ አማቴም ከላዬ ሳይወርዱ «ምን እየቆጠርህ ነው?» እያሉ፣ እንደምንም አንደኛ አግኝቼ ተነሣሁ። ሁለተኛንም በትክክል ረግጬ አስገባሁ። በዚህ ድል ልቤ ሞልቶ ሦስተኛን ልጨምር ስል ግን እግሬ አነሣ። አንደኛ ተመልሶ ገባና የኋላ ጎማው ጮኸ፤ የአማቴ ሄልሜት የእኔን ሄልሜት ኋላ በኩል እንደ ከበሮ መታው፤ ድፎ ዳቦውም ከጭናቸው ወጥቶ በጠርዙ አስፋልቱ ላይ ቆመና መንከባለል ጀመረ። ከእኔ በተሻለ ሥርዓት፣ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ፣ አደባባዩን ሩብ ያህል ዞሮ ከትራፊክ ፖሊሱ ጫማ ሥር ጋደም አለ። ደግነቱ ጨርቁ አልተፈታም።

ፖሊሱ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። መንጃ ፈቃዴን ካየ በኋላ፣ ማርሹ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አልተበላሸም ጌታዬ፣ ተገልብጦ ነው» አልሁ። «ራሱ ተገለበጠ?» አለ። «አስገልብጬው ነው» አልሁት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ ካጤነ በኋላ፣ መንገድ እንዳንዘጋ ሞተሩን ዳር አወጣዋለሁ ብሎ ዳቦውን ለአማቴ አስረክቦ ራሱ ተቀመጠበት። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አንደኛን ረገጠ፣ ፍሪሲዮኑንም ለቀቀ፤ ሞተሩ ተንገጫግጮ በእርሱም ላይ ጠፋ። ባጃጅ ውስጥ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ፖሊሱ ሳይስቅ ወርዶ፣ «ገፍተህ ውሰደው» አለኝ።

አማቴ ያንኑ ባጃጅ አስቁመው ገቡ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ እያስተካከሉ ለፖሊሱ፣ «ማርሹስ ግድ የለም ልጄ፣ በቁልፍ ይመለሳል» ብለው እኔን አንድ ጊዜ ቃኙኝና ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት መካኒኩ በዚያው አሥር ቁልፍ ክንዷን ወደ ነበረችበት መለሳት፤ ለመገልበጥ የወሰደውን ያህል ለመመለስም ወሰደ። ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ፕላስተሩን ልጬ ጥዬ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ያስጠናሁት እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቱን ያስታወሰው፤ አንደኛን ብሎ በኩራት ወደ ላይ አነሣ። ሞተሩ ከጋራዡ በር ሳይወጣ ተንገጫግጮ ጠፋ። ልጁ ቁልፉን ገና ከእጁ አላስቀመጠም ነበር።

«ጋሼ፣ ልገልብጠው?» አለኝ።