ታጥቦም ያልለቀቀ ጠረን

በአንድ የማሸጊያ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ ለአንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባ የተናገርኩት ቃል እስካሁን ይቆረቁረኛል። አጠገባቸው የሚቆሙ ሠራተኞች ከልብሳቸው የሚወጣው የላብ ሽታ እንዳስቸገራቸው ደጋግመው ስለነገሩኝ፣ ለብቻቸው ጠርቼ «ጋሼ፣ የሥራ ልብስዎን ቶሎ ቶሎ ቢያጥቡት ጥሩ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የሸሚዛቸውን ጫፍ ይዘው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ትናንት ማታ የታጠበ ነው» አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ፊቴም ላይ ሳያነቡት አልቀሩም።

በማግስቱ ጠዋት ሲገቡ ሸሚዛቸው የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ያ ጠረን ተመለሰ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሰውየው ላይሆን ይችላል ብዬ መጠራጠር ጀመርኩ፤ ታጥቦ የደረቀ ሌላ ሸሚዛቸውንም እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ብብቱን በጣቴ ስዳስሰው ከቀረው ጨርቅ ይልቅ ደረቅ ያለና ሰም የተቀባ የሚመስል ነበር፤ ውሃ ጠብ ሳደርግበትም ጠብታው ወዲያው ሳይሰርግ ድቡልቡል ብሎ ቆየ። ቀጥሎ ካውያ አግለን ስንተኩሰው ከእንፋሎቱ ጋር የሙሉ ቀን ላብ ሽታ ተነሣ። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ጋሼ ግን ፊታቸው በራ፣ ምክንያቱም ማጠባቸውን የሚመሰክርላቸው ነገር ተገኝቷል።

ላብ ራሱ ሲወጣ ብዙም አይሸትም። ጠረኑን የሚፈጥሩት በብብት ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ እነርሱም በዚያ ስፍራ ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩትን ፈሳሽ ሰባብረው ሽታ ያላቸውን ውሕዶች ያወጣሉ። ፋብሪካው ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት የጥጡን ዩኒፎርም ፖሊስተር በሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለውጦ ነበር። ፖሊስተር ውሃ እምብዛም አይጠጣም፤ ቅባትን ግን አጥብቆ ይይዛል፣ ያ የያዘው ቅባትም በሰውነት ሙቀት ሲሞቅ ሽታውን መልሶ ይለቃል። አቤቱታው የተጀመረው ከለውጡ በኋላ መሆኑን ልብ ሳልል መቅረቴ የኔ ጉድለት ነው። ጋሼም ሽታውን ለማጥፋት ብለው የሳሙናውን መጠን በእጥፍ ጨምረው፣ የልብስ ማለስለሻ አክለው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ቤት ውስጥ ያሰጡት ነበር። በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙናና ማለስለሻ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ቅባቱን ይሸፍነዋል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ልብስም ባክቴሪያ ይራባበታል።

አንድ ባልደረባ በረኪና እንጨምርበት ሲል አጥብቄ ተቃወምኩ። በረኪና የላብ ቦታን ቢጫ ሊያደርግ፣ ጨርቁንም ሊጎዳ ይችላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ከአቸቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ መፍጠሩ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሳፋ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። እኛ እያንዳንዱን ሸሚዝ ገልብጠን አንድ እጅ ነጭ አቸቶ በአራት እጅ ውሃ በጥብጠን ለግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው፤ ከዚያም አቸቶው እስኪለቅ አለቅልቀን፣ ኢንዛይም (እድፍን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ባለው ዱቄት ሳሙና 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ለተወሰኑ ሰዓታት ደግመን ዘፈዘፍነው። የፈላ ውሃ ያልተጠቀምነው ኢንዛይሙን ስለሚያበላሸው ነው። የሳሙናው መጠን ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አላለፈም፣ ማለስለሻም አልገባበትም። ያሰጣነውም ውጭ፣ ነፋስና ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ውስጡን ወደ ላይ አድርገን ነው። አንዱ ሸሚዝ በመጀመሪያው እጥበት ለቀቀ፤ ብዙ የተለበሰው ግን ሁለት ጊዜ መደገም አስፈልጎታል።

ከዚያ ወዲህ በላብ የራሰ ልብስ በፌስታል ታስሮ ሎከር ውስጥ እንዳያድር ለፈረቃው ሁሉ ነገርኩ፤ ለግዢ ክፍልም የሚቀጥለው ዩኒፎርም ጥጥ የበዛበት እንዲሆን ጽፌ አሳሰብኩ። ሽታውን ወደነገሩኝ ሠራተኞች ዘንድ ሄጄ ጋሼ ልብሳቸውን በየዕለቱ ያጥቡ እንደነበር አስረዳኋቸው፤ ጋሼንም በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሁለተኛውን ሸሚዝ ዘርግተው «እስኪ አሁን ተኩሰው» አሉኝ። ካውያውን ብብቱ ላይ አሳርፌ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ የሞቀ ጨርቅ ሽታ ብቻ ነበር።