ነጩ ፊልተር

እማማ የመጀመሪያውን ፊልተር ያመጡልኝ በወረቀት ጠቅልለው ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና ወረቀቱን ቀስ ብለው ገለጡት።

«ልጄ፣ አንድ ወር ሙሉ ሠርቶ እንዲህ ነጭ መሆኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

«ጥሩ ነው እንጂ እማማ» አልኳቸው። «ቤትዎ ንጹሕ ነው ማለት ነው።»

ይህን ካልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

የምሠራው የእንቅልፍ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሲፓፕ፣ ማለትም ሲተኙ ትንፋሻቸው ለሚቆራረጥ ሰዎች አየርን በፊልተር አጣርቶ በማስክ የሚገፋ ማሽን፣ የታዘዘላቸው ሰዎች ሲመጡ ማስክ እለካለሁ፣ ማሽኑን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ በየወሩ ቁጥራቸውን አያለሁ። እማማ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ያን ጊዜ ከእኛ ጋር አራተኛ ወራቸው ነበር። ግፊቱ ተስማምቷቸዋል። ሲተኙ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይቆራረጥ የነበረው ትንፋሻቸው ከ5 በታች ወርዷል። በወረቀት ላይ ካየኋቸው፣ የምኮራባቸው ታካሚ ነበሩ።

ያስቸገራቸው አለርጂያቸው ነው። ማስኩን ባደረጉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማስነጠስ ይጀምራቸዋል። ቀጥሎ አፍንጫቸው ይደፈናል። አፍንጫ ሲደፈን አፍ ይከፈታል፣ አየሩ በአፍ ያመልጣል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ማስኩን አውልቀው ይጥሉታል። ማሽኑም ይህንኑ ይመሰክር ነበር። በአንድ ሌሊት በአማካይ 6 ሰዓት ይጠቀሙ የነበሩት ሴትዮ ወደ 3 ወርደዋል።

እንዲህ ሲሆን እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እርምጃ የታወቀ ነው። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ተራ ፊልተር ይወጣና ለአለርጂ የሚሠራው ጥቅጥቅ ያለው ይገባል። ተራው የዋዛ አይደለም። የአበባ ብናኝ አብዛኛው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) በላይ ስለሆነ ብዙውን ይይዘዋል። የሻጋታ ዘር ግን 2 እና 3 ማይክሮን የሚሆን አለ። የድመት አለርጂ አምጪውም ከፊሉ ከ5 ማይክሮን ባነሰ ብናኝ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። ጥቅጥቅ ያለው የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ሰዎች «ሄፓ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቁኛል። ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን ከሚሆን ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚያስቀር ነው። የሲፓፕ ማሽን ጀርባ ላይ የሚገባው ትንሽ ጨርቅ ግን በአብዛኛው እዚያ አይደርስም። ሽታን ደግሞ አንዱም አያስቀርም። ሽቶና በረኪና ሰተት ብለው ያልፋሉ።

ያን ሰሞን ጥቅጥቅ ያለውን ስጠይቅ ከዕቃ ክፍል በፌስታል ተደርጎ መጣልኝ። ካርቶን የለው፣ ማሸጊያ የለው፣ የሞዴል ቁጥር የለው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። በር ላይ ስምንት ሰው ተሰልፏል። ለእማማ ሁለት ሰጠኋቸው። አንዱን ለዚያው ወር፣ ሁለተኛውን ለሚቀጥለው።

ነጩን ፊልተር ያሳዩኝ በወሩ ነው። ከላይ ያለውን መልስ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

በሁለተኛው ወር ሲመጡ ሁለቱንም ፊልተር ይዘው ነው። ማሽኑንም በቦርሳው። ፊታቸው ከስቷል።

«ይሄ ለአለርጂ ነው ያልከኝ ከገባልኝ ወዲህ ብሶብኛል» አሉ።

የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማሽኑን አልፈልግም ለማለት ሰበብ ነው» አለኝ። እሳቸው ሰምተዋል። መስማታቸውን ዓይናቸው ላይ አየሁ። ግን አልመለሱለትም። ሁለቱን ፊልተሮች አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡና በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት።

«እነዚህ አንድ ልክ ናቸው ትላለህ?»

አጎንብሼ አየሁ። ከታች በኩል የአንደኛው ጠርዝ ከሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል።

«40 ዓመት ጨርቅ ቆርጬ ኖሬያለሁ» አሉ። «ይሄ የፋብሪካ ጠርዝ አይደለም። በመቀስ ነው። ከዚህ ጀምሮ ወደዚህ ሲወርድ መቀሱ ሸሽቶበታል። የቆረጠው ሰው ቸኩሏል።»

ቁጣ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ለተለማማጅ ስህተቱን እንደሚያሳይ ሰው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ማሽኑን ከቦርሳው አወጣሁት። የፊልተሩን ክዳን ከፈትኩ። አዲሱን ከፌስታሉ አውጥቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። በሦስት በኩል ገጠመ። በአራተኛው በኩል ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ቀረ። በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁ። በዚያው በክፍተቱ አንጻር፣ ፍርግርጉ ላይ፣ እንደ ሱፍ ክር የረዘመ ግራጫ አቧራ ተጋድሟል። ሌላው ቦታ ንጹሕ ነው። እሳቸው ያመጡትንም ገልብጬ አየሁ። መሐሉ ነጭ ነው። በአጠረው ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። በፊተኛው ወር ብገለብጠው ኖሮ ያኔም እዚያው ነበር። አልገለበጥኩትም።

ነገሩ ቀላል ነው። አየር የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል። ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ደግሞ ከተራው ይልቅ ለአየር ይከብዳል። ስለዚህ ጎኑ ክፍት ከሆነ አየሩ ፊልተሩን ትቶ በጎን ይሄዳል። ፊልተሩ በተሻለ ቁጥር በክፍተቱ የሚገባው ይበዛል። ማሽኑ ይህን አያውቅም። ግፊቱ ልክ ነው፣ ሰዓቱን ይቆጥራል፣ ከማስኩ የሚያፈሰውን አየር ይለካል። የገባውን አቧራ የሚነግረን ቁጥር የለም። ያለን ምልክት የፊልተሩ ቀለም ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲያሳልፍ የከረመ ፊልተር ግራጫ መሆን አለበት። ነጭ ሆኖ ከመጣ አየሩ በሌላ በኩል ሄዷል፣ ወይም ሰውየው ማሽኑን አልተጠቀመም፣ ወይም የማይታጠበውን አጥቦታል። የእሳቸው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። እኔ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ፊልተሩን ይዤ ዕቃ ክፍል ሄድኩ። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለሌላ ሞዴል የመጣ ሰፊ ፊልተር ተርፎ፣ «ከሚበላሽ» ተብሎ እየተቆረጠ ይታደል ነበር።

«ፊልተር እኮ ፊልተር ነው» አለኝ የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ። «ክፍተቱ የጥፍር ያህል እንኳ አይሞላም።»

«2 ሚሊ ሜትር 2,000 ማይክሮን ነው» አልኩት። «ልናስቀር የምንፈልገው 3 ማይክሮን ነው።»

«እንግዲያውስ ሁለት ደርበህ አድርግላቸው።»

በዚህ ነው የተናደድኩት። ሁለት መደረብ ማሽኑ እንዲታፈን ማድረግ ነው። ፋብሪካው ራሱ እንዲደረቡ አድርጎ ካልሠራቸው በቀር አይደረብም። ለዚያውም ጎኑ ክፍት ሆኖ መደረቡ ምን ይፈይዳል? ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። በሥራ ቦታ ጮኼ አላውቅም ነበር። ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ የምረከበው ማሸጊያው ላይ የሞዴሉን ቁጥር አይቼ ነው። እሱም እስከ ዛሬ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ይቀዝቅዝ።

ልኩ እስኪመጣ ድረስ ለእማማ ተራውን ፊልተር መልሼ አስገባሁላቸው። ጠርዙ ገጥሞ የተቀመጠ ተራ ፊልተር ከዚያ ይሻላቸው ነበር፣ ተሻላቸውም። ማሽኑ ውስጡ እንዲጸዳ ለጥገና ክፍል ሰጥቼ በምትኩ ሌላ አዋስኳቸው። ቱቦውንና የውኃ ዕቃውን በአዲስ ቀየርኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ፊልተሩ ያለው አየሩ በሚገባበት በኩል ነው። የውኃ ዕቃው፣ ቱቦውና ማስኩ ከፊልተሩ በኋላ ናቸው። የውኃ ዕቃው ውስጥ ሻጋታ ካለ የዓለም ምርጡ ፊልተር አያድንም። ውኃው በየቀኑ ተደፍቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ መሞላት አለበት። የእማማ ንጹሕ ነበር። እሱን እንኳ በሚገባ አይቻለሁ።

ከዚያ የት እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኳቸው። በእነዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

«መሬት ላይ ነዋ። በአልጋውና በግድግዳው መሐል። እንዳይወድቅብኝ ብዬ።»

አልጋ ሲነጠፍ የሚራገፈው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ማሽኑ ሌሊቱን የሚስበውም ከዚያ ነው። ዝቅ ያለ ኮሜዲኖ ላይ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው። በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ፊታቸው እንዳይፈስ ከራሳቸው ዝቅ ብሎ፣ ግን ከመሬት ተነሥቶ፣ ከመጋረጃም ራቅ ብሎ። በዚያው ሳምንት ሐኪማቸው የአለርጂ ምርመራ አዘዙ። ቆዳቸው ላይ ሲሞከር የአቧራ ነፍሳት አለርጂ ተገኘባቸው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት የሚኖሩት ትራስና ፍራሽ ውስጥ ነው። ሐኪሙ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ሰጧቸው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ እንዲታጠብም አዘዟቸው።

ልኩ ፊልተር በ10 ቀን ደረሰ። በወሩ አምጥተው አሳዩኝ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነበር። መሐሉ ላይ አንድም ነጭ መስመር አልነበረውም። ፍሬሙ ላይ የተቀመጠበት ጠርዝ ብቻ እንደ ጥልፍ ዳር ነጥቶ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የተጠቀሙበት ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ተኩል ተመልሷል። ማስነጠሱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት እስከ ዛሬ ያነጥሳሉ።

የትኛው እንደረዳቸው ይጠይቁኛል። በአንድ ወር ውስጥ ፊልተሩን፣ ቱቦውን፣ ቦታውን፣ የትራሱን ልብስና መድኃኒቱን ቀይረናል። እኔ ፊልተሩ ነው እላለሁ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው ይላሉ። እማማ ደግሞ ኮሜዲኖው ነው ብለው ሙጭጭ ብለዋል።

የዚያኑ ቀን፣ ከዕቃ ክፍል እንደተመለስኩ፣ ካርዶቹን አውጥቼ ከዚያ ፌስታል ለማን ለማን እንደሰጠሁ ቆጠርኩ። ከእማማ ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አለርጂ ያለባቸው። አለርጂ ባይኖርባቸው ያንን ፊልተር አልሰጣቸውም ነበር። አንድ በአንድ ደወልኩ። አራቱ መጥተው ቀየሩ። ከአራቱ አንደኛው ማሽኑን ከተወ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ «ለእኔ አይሆንም ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት» አለኝ። አዲሱን ፊልተር ሰጥቼው እንደገና ጀመረ። ሁለቱ ስልክ አላነሱም። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሳምንቱም። ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፊልተሩ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ሲመጡ ይቀየር» ብዬ ጻፍኩ። ቀጠሯቸው ካለፈ ቆየ፤ እስካሁን አልመጡም።