151 እና እኔ

ጂአርኢ፣ ውጭ አገር ለድህረ ምረቃ ለማመልከት የሚወሰደው ፈተና፣ ፋታ አይሰጥም። ፈተናው እንዳለቀ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል። ሒሳብ፦ 151። ከ170 ነው፣ ግን መነሻው ዜሮ ሳይሆን 130 ነው። ታናሽ ወንድሜ ይሄን ስለማያውቅ "ከመቶ በላይ አምጥተህ ነው የምትነጫነጨው?" አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል። 220 ዶላሩን በካርዱ ክፈልልኝ ብዬ ውጭ ያለውን የአጎቴን ልጅ እንደገና ላስቸግረው? ይቅርብኝ።

ማታ የዩኒቨርሲቲዎቹን ገጽ አንድ በአንድ አየሁ። ጂአርኢ ጭራሽ የማይጠይቁ አሉ። "ከፈለጋችሁ ላኩ" የሚሉም አሉ፤ አልልክም። ግዴታ ያለውን አንዱን ሰረዝኩት። እሱ ግን አንገበገበኝ፣ አልዋሽም።

አሁን ጉዳዬ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ያማከሩኝ መምህር ነገ ቢሮ ይገባሉ አሉ። በጠዋቱ በራቸው ላይ ነኝ።