345 ጥንድ ጓንት

ዱከም አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ለጀማሪ ንብረት ተቆጣጣሪ የወጣ ማስታወቂያ ሦስት ኃላፊዎችን አኳርፏል። የፋይናንስ ኃላፊው ረቂቁ ላይ «አካውንቲንግ» ብለው ጻፉ። የምርት ክፍሉ ኢንጂነር ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ካልገባበት አልፈርምም አለ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ እንደ ልማዷ «ወይም ተዛማጅ» ጨምራበት ለጠፈችው። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ የሚሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በማግስቱ የበር ጥበቃው ሳይቀር ሲቪ በፌስታል ይቀበላል።

ጠቡ የለየለት ማጣሪያው ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ስታትስቲክስ እንዴት አይዛመድም?» አለች የሰው ሀብት ኃላፊዋ የፋይናንስ ኃላፊውን።

«ዴቢትና ክሬዲት ያልለየ ልጅ እኔ ጋ ምን ይሠራል? ኦዲተር ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ ጣልቃ ገባ። «ስቶር እኮ ቢሮ አይደለም፣ የዕቃ ፍሰት ነው። 70/30 ተብሎ፣ ሰባው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሠላሳው ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ስንት መሐንዲስ ተመርቆ ቁጭ ብሏል…»

«ኮታውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ያወጣው ይቅጠራቸው።»

ሰውየው ክፉ ናቸው ማለት ይከብዳል። አካውንቲንግ ሥራ ያስገኛል የሚባለው ያለምክንያት አይደለም፤ ባንኩም ፋብሪካውም ወረዳውም ግብረ ሰናይ ድርጅቱም የፋይናንስ ክፍል አለው፣ ስለዚህ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው አለ። ሲቪል ኢንጂነር ግን ግንባታ ሲቀዘቅዝ ሳይቱም አብሮ ይዘጋበታል። ጂኦግራፊ የተማረ በስም የሚጠራበት ማስታወቂያ በብዛት የመሬት አስተዳደር፣ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ) እና የፕላን ሥራ ላይ ነው፤ ሌላው ቦታ የአጣሪውን ምሕረት ይጠብቃል። አጣሪውም ቢሆን ክምሩን መቀነስ አለበት፣ ቅሬታ ሲመጣ ደግሞ ምክንያቱን ማሳየት አለበት። «የትምህርት ዘርፉ አይዛመድም» ከሚለው የበለጠ አጭር ምክንያት የለም። ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ይህን ያቃልላል ያሉ ነበሩ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ፈተናው ግን በየትምህርት ክፍሉ ስለሚሰጥ የአካውንቲንጉን ውጤት ከጂኦግራፊው ጋር አወዳድሮ ማን ይሻላል ማለት አይቻልም።

በመጨረሻ ተደራደሩ። ኢንጂነሩ የራሱን ሰዎች አስገባ፣ የሰው ሀብቷም «እንግዲያው የኔም ይግቡ» ብላ ስታትስቲክስና ኢኮኖሚክስ፣ አንዲት የጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ምሩቅም ጨመረች። የቅጥር ፈተናውን ያዘጋጁት ጡረታቸው የተቃረበ የስቶር ኃላፊ ናቸው፤ ክርክሩ ላይ ማንም አስተያየታቸውን አልጠየቃቸውም።

ፈተናው ሦስት ወረቀት ነበር። የአንድ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ መነሻ ቀሪ 410 ጥንድ የእጅ ጓንት፣ ገቢ 15፣ ወጪ 96፣ ቀሪ 329 ይላል። ሁለተኛው የገቢ ደረሰኙ ጂአርኤን ሲሆን፣ ሦስተኛው የአቅራቢው ኢንቮይስ ነው። በቆጠራ የተገኘው 674 ጥንድ ነው። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፦ 345ቱ ከየት መጣ?

የአካውንቲንግ ልጆች በደንብ ጀመሩ። ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል፣ 63 ለማለት 36 እንደመጻፍ። ለ2 ከተካፈለ ደግሞ ግማሹ በተቃራኒው ጎን ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። 345 ለ9ም ለ2ም አይካፈልም። እዚህ ሲደርሱ አብዛኞቹ ማስተካከያ ጻፉ፦ ዴቢት ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ክሬዲት የቆጠራ ትርፍ። በደብተር ደንብ ምንም አይወጣለትም፤ ስህተቱን ግን ከነነፍሱ ይቀብረዋል፣ በሚቀጥለው ግዢም ይደገማል። ከኢንጂነሮቹ አንዱ የችግር መንስኤ የሚዘረዘርበትን የዓሣ አጥንት ሥዕል ስሎ ባርኮድ እንዲገዛ መከረ። አንድ የማኔጅመንት ምሩቅ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

የጂኦግራፊዋ ልጅ እጇን አነሳች። «ይቅርታ፣ ቢን ካርዱ በጥንድ ነው፣ ጂአርኤኑ በካርቶን ነው። የቱን ልያዝ?»

ሽማግሌው ኢንቮይሱን በጣታቸው አሳዩዋት። ግርጌው ላይ በደቃቁ «1 ካርቶን 24 ጥንድ» ይላል። 15 ካርቶን ማለት 360 ጥንድ ነው፤ 15 ተብሎ ሲመዘገብ ካርዱ ላይ 345 ይጎድላል። እንዲህ ያለ የመለኪያ ስህተት ሁልጊዜ አንድ ምልክት ይተዋል፤ ልዩነቱ በማሸጊያው ውስጥ ካለው ብዛት አንድ ተቀንሶለት ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። 345ን ለ23 ብታካፍሉት 15 ይሰጣችኋል። ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ለ9 የሚያካፍል ሞልቷል፤ ለ23 ማካፈል የሚመጣለት ካርቶን ፈትቶ የሚያውቅ ነው።

እሷ ፈትታለች። ቃለ መጠይቁ ላይ፣ ክረምት ክረምት መርካቶ አጎቷ ጅምላ መደብር ዕቃ ስትረከብና ስታወጣ እንደነበር ተናግራለች። የቃለ ጉባኤው ቅጽ ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የሥራ ልምድ የሚያዘው ግብር የተከፈለበት ደብዳቤ ሲቀርብ ነው፤ አጎት ደግሞ ለእህቱ ልጅ ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ ዓምዱ ላይ «ልምድ፦ ዜሮ። ትምህርት፦ ጂኦግራፊ» ተባለ፣ ፊርማም አረፈበት።

ተቀጠረች። 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዋ ሳያልቅ የፋይናንስ ኃላፊው በየስብሰባው የሚያነሷት ሰው ሆነች፤ መጀመሪያ ያስገባቻት የሰው ሀብቷ መሆኗ ግን ሲነሳ የሰማ የለም።

ሁለተኛው ንብረት ተቆጣጣሪ ሲፈለግ ረቂቁን እንደገና እሳቸው ጻፉ፦ «አካውንቲንግ ወይም ጂኦግራፊ»።

«ጋሼ፣ ኢኮኖሚክስስ?» አለች የሰው ሀብቷ።

«አይሆንም። ጂኦግራፊዎች ዝርዝር ያያሉ፣ ካርታ ለምደው ነው።»

ሽማግሌው ያንኑ ፈተና ቁጥሩን ለውጠው አቀረቡት። የመጣው የጂኦግራፊ ምሩቅ ካርቶኑንና ጥንዱን አንድ ላይ ደምሮ፣ ከሥሩ «ስርቆት ሊኖር ስለሚችል ይጣራ» ብሎ ጻፈ፤ የተገኘው ትርፍ መሆኑን ሳያይ። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጠው ቆዩና ወደ ሰው ሀብቷ ዞሩ።

«ይሄኛው ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው?»