በሊንችበርግ ዋሻ አፍ

ሊንችበርግ ከናሽቪል በስተደቡብ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ከመኪና ስንወርድ ቀድሞ የደረሰን ሽታው ነው፤ ትኩስ የበቆሎ ገንፎ፣ ከሥሩ ደግሞ እየፈላ ያለ ድፍድፍ። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም። ጃክ ዳንኤል የሚባለው ዊስኪ የሚወጣው እዚሁ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ሙር ካውንቲ (ወረዳ) ባለች አንዲት ሸለቆ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎብኚን መጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ከሰሉ ግቢ ነው። እኔ ግን ከዋሻው ልጀምር፤ ፋብሪካው እዚህ ቦታ የቆመው በእሱ ምክንያት ነውና። ከኖራ ድንጋይ ገደል ሥር የሚወጣው ምንጭ ክረምት ከበጋ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ቅዝቃዜው ሳይሆን ብረት የሌለው መሆኑ ነው። ብረት ያለበት ውኃ ዊስኪ ውስጥ ከገባ፣ ከበርሜሉ እንጨት ከሚወጣው ታኒን ጋር ተገናኝቶ መጠጡን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሸዋል። የፋብሪካው መሥራች ጃክ ዳንኤል በ1884 ሸለቆዋን ከነምንጯ የገዛትም ለዚህ ውኃ ሲል ነው። ዛሬ ሐውልቱ በዋሻው ፊት ለፊት ቆሟል።

ሙያውን የተማረው ግን እዚህ አይደለም። ልጅ ሳለ የሉተራን ሰባኪና ባለ ሱቅ በነበረው በዳን ኮል እርሻ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እርሻው ላይ ዊስኪ የሚያወጣው ናታን ግሪን ነው፤ ሰው ሁሉ ኒረስት ይለዋል። ኒረስት በባርነት የተያዘ፣ ጌቶቹ ለኮል ያከራዩት ሰው ነበር። ሰባኪው ልጁን ወስዶ ለእሱ ሰጠው፤ ኒረስትም እህሉን፣ እሳቱንና ከሰሉን አሳየው። ባርነት ቀርቶ ጃክ የራሱን ሥራ ሲከፍት ኒረስትን ዋና አውጪ አድርጎ ቀጠረው። ፋብሪካው መሥራች ዓመቱን 1866 ይለዋል፤ የጃክን ሕይወት ከሰነድ ያጠኑ ደግሞ ወደ 1875 ያቀርቡታል። ለእኔ ከዓመቱ ይልቅ የሚበልጠው የመምህሩ ስም ነው። ኩባንያው ስሙን በአደባባይ ከፍ አድርጎ የጠራው 150ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2016 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ታሪኩ የጉብኝቱ አካል ሆነ። እጅግ የዘገየ ነው፤ ቢሆንም አሁን አስጎብኚዎቹ ስሙን ሳይጠሩ ወደ ድፍድፉ ቤት አያስገቡም፣ ይህም ተገቢ ነው።

እህሉ 80 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 8 በመቶ ደግሞ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ አይገቡም። በቆሎው ስታርቹን እስኪለቅ ድረስ ወደ መፍላት በተጠጋ ሙቀት ይበስላል፤ ከዚያ በረድ ሲል ራዩ ይገባል። ብቅሉ መጨረሻ ነው፣ እሱም ሙቀቱ ወደ 65 ዲግሪ ገደማ ከወረደ በኋላ። እዚህ ላይ መቸኮል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው የብቅሉ ኤንዛይም በከፍተኛ ሙቀት ይሞታል። ያኔ እጅህ ላይ የሚቀረው ወፍራም ገንፎ ብቻ ነው፤ እርሾው የሚበላው ስኳር አያገኝም።

ካለፈው ዙር የተረፈው ቀጭን አተላም አዲሱ ድፍድፍ ላይ ይጨመራል። አሜሪካውያን ጎምዛዛ ድፍድፍ የሚሉት ይህን ነው። ኮምጣጣነቱ ባዕድ ባክቴሪያ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ለእርሾው ግን ይስማማዋል፤ የዛሬው ዙር የትናንቱን ጣዕም የሚይዘውም በዚሁ ነው። ድፍድፉ ስድስት ቀን ያህል ይቦካል። በጋኑ አፍ ጎንበስ ስትል ጋዙ አፍንጫህን ይቆነጥጠዋል፤ ፊትህን አታስገባ፣ ከላይ ሆነህ በእጅህ እያራገብክ አሽትት። የቀረው አተላ ለብዙ ዓመታት ለአካባቢው ከብት አርቢዎች ሲሄድ ኖሯል። የአረቄ አተላ ከብት እንደሚያደልብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አልኮሉ የሚወጣበት ማውጫ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የቆመ የመዳብ ዓምድ ነው። ድፍድፉ ከላይ ይወርዳል፣ እንፋሎቱ ከታች ይወጣል፤ ቀዳዳ ባላቸው ዝርግ መዳቦች ላይ ሲገናኙ እንፋሎቱ አልኮሉን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። መዳቡ ለጌጥ አይደለም፤ የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይይዛል። በመጨረሻ የሚገኘው እንደ ውኃ የጠራ፣ 70 በመቶ አልኮል ያለው ፈሳሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ቴነሲ ቦርቦን የሚባለው ዊስኪ ከሚወጣበት ከኬንታኪ ግዛት ይለያል። ኬንታኪ ቢሆን ይህ ፈሳሽ በቀጥታ በርሜል ይገባ ነበር። እዚህ መጀመሪያ በከሰል ይጠለላል። ከሰሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራል። የስኳር ሜፕል እንጨት ቀጭን ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቆ፣ አየር እንዲገባው አንዱ ባንዱ ላይ ተጠላልፎ ይከመራል። ክምሮቹ ወደ መሐል ዘመም ተደርገው ነው የሚቆሙት፣ ሲነዱ ወደ ውስጥ እንዲወድቁ። የሚለኮሱት ገና በርሜል ባልገባው በዚያው ዊስኪ ነው፤ በናፍጣ ወይም በጋዝ ቢሆን ሽታው ከሰሉ ውስጥ ይቀርና ወደ መጠጡ ይመለሳል። ነበልባሉ ሲነሣ ሠራተኞቹ የውኃ ጎማ ይዘው ዙሪያውን ይቆማሉ። ውኃው ከዘገየ እንጨቱ አመድ ይሆናል፤ ከቸኮለ ደግሞ መሐሉ ያልከሰለ ጉማጅ ይቀራል፣ እሱም ዊስኪው ላይ የጥሬ እንጨት ጣዕም ይጥላል። ይህን የሚያውቀው ዓይን ነው፤ ሰዓት ተይዞ አይሠራም።

የተፈጨው ከሰል 3 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጋን ይጠቀጠቃል። ዊስኪው ከላይ በጠብታ ይለቀቅበታል፣ ሥሩ ላይ ለመድረስም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስድበታል። በብዛት ቢፈስ የራሱን ቦይ ቀዶ ከሰሉን ሳይነካ ያልፋል። በጠብታ ሲሆን ግን የበቆሎው ቅባትና ጉሮሮ የሚቧጥጠው ሻካራ ነገር ከሰሉ ላይ ይቀራል። አስጎብኚው የጋኑን ክዳን ብድግ አድርጎ ለቀቀው፤ የአልኮሉ ሽታ ከነጥቁር ከሰሉ ፊታችን ላይ መጣ። ዝም ብንል ጠብታው ይሰማል። ከሰሉ ሲጠግብ ማጣራት ያቆማል፤ ይህን የሚያውቁት እየቀመሱ የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው። ጣዕሙ ሲለወጥባቸው ጋኑ ተገልብጦ እንደ አዲስ ይሞላል።

ዘዴው የሊንከን ካውንቲ ዘዴ ይባላል፤ ሊንችበርግ እስከ 1871 ድረስ ሊንከን ካውንቲ ውስጥ ስለነበረች ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የቴነሲ ሕግ፣ ከአንድ አነስተኛ ፋብሪካ በስተቀር፣ በከሰል ያልተጠለለ መጠጥ የቴነሲ ዊስኪ ተብሎ እንዳይሸጥ ይከለክላል።

አሮጌው ቢሮ ውስጥ ጃክ በእግሩ መትቶ በቁስሉ ሞተበት የሚባለው ካዝና ተቀምጧል። በ1911 የሞተው በደም መመረዝ ነው፤ የካዝናውን ታሪክ ግን የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ አልተቀበለውም። እዚያ ክፍል ጎብኚ ሊቆምበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ጃክ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጧል፤ አጠገቡ፣ ከሰልፉ መሐል፣ አንድ ጥቁር ሰው አለ። የኒረስት ልጅ ጆርጅ ግሪን እንደሆነ ይታመናል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሠራተኛ ቢበዛ ዳር ላይ ነበር የሚቆመው። የኒረስት ራሱ ፎቶ ግን አልተገኘም።

ቴነሲ ከ1910 ጀምሮ መጠጥ ማውጣትን ከለከለች። ሥራውን በ1907 የተረከበው የጃክ የእኅት ልጅ ሌም ሞትሎ ወደ ሴንት ሉዊስ ተሻገረ፤ በ1920 የአገር አቀፉ ክልከላ እዚያም ደረሰበት። ሊንችበርግ ውስጥ እሳቱ እንደገና የተለኮሰው በ1938 ነው። በ1956 ብራውን ፎርማን የተባለ የመጠጥ ኩባንያ ፋብሪካውን ገዛው።

ከተጠለለ በኋላ ዊስኪው በውኃ ወደ 62.5 በመቶ ወርዶ፣ 200 ሊትር በሚይዝ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የነጭ ኦክ በርሜል ይገባል። ቀለሙን ሁሉ የሚያገኘው ከዚያ ነው። መጋዘኖቹ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የላቸውም። በበጋ ሙቀት ፈሳሹ ሰፍቶ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ በብርዱ ወራት ተሰብስቦ ይመለሳል። ላይኛው ፎቅ ስለሚግል ቶሎ ይበስላል፣ ብዙም ይተናል። የሚተነው አልኮል በዙሪያው ያሉትን ዛፎችና ግድግዳዎች የሚያጠቁር ሻጋታ ይመግባል። ጥላሸት እንጂ ሻጋታ አይመስልም፤ በጣትህ ብታሸው በቀላሉ አይለቅም። የጎረቤት ሊንከን ካውንቲ ነዋሪዎች ቅሬታ ከዚህ የተነሣ ነው፤ በ2023 ፍርድ ቤት ፈቃዱ በሥርዓት እስኪወጣ የአንድ መጋዘን ግንባታ አስቁሞ ነበር። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው፤ የቤታቸውን ግድግዳ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም።

ሙር ካውንቲ እስከ ዛሬ መጠጥ እንደ ልብ የማይሸጥባት ካውንቲ ናት። በፋብሪካው ሱቅ የመታሰቢያ ጠርሙስ መግዛት የሚቻለው በልዩ ሕግ ነው። ስትሄዱ ቅምሻ ያለበትን ጉብኝት አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሽቅብና ደረጃ ስላለ ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ሲቀርብላችሁ የፋብሪካውን ዋና ዊስኪ ኦልድ ነምበር ሰቨንን ሌላው ዓይነቱ ከሆነው ከጄንትልማን ጃክ ጎን ለጎን ቅመሱ፣ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምራችሁ። እህላቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 40 በመቶ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከበርሜል ከወጣ በኋላ ዳግመኛ በከሰል ይጠለላል። ሹፌራችሁ አይቅመስ፤ የመመለሻው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው።